ወረቀት የጎደለው መኪና

ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ነው። የተጠየቁት ሰነዶች በ30 ቀን ውስጥ ስላልቀረቡ የመኪናው የመድን ውል ከየካቲት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰርዟል ይላል። ከታች ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ «ግልባጭ» የሚል ዝርዝርም አለ። አጎቴ ይህን ደብዳቤ ጊምቢ ላይ በእጁ የተቀበለው ግንቦት ውስጥ ነው። መኪናው ግን ሚያዝያ ላይ ከጊምቢ ቡና ጭኖ ወደ ነቀምቴ ሲመጣ፣ የዴዴሳን ቁልቁለት ሲወርድ ተገልብጧል። እስቲ በቅደም ተከተል አስቀምጡት፤ የካቲት ላይ ውሉ ተሰረዘ፣ ሚያዝያ ላይ መኪናው ተገለበጠ፣ ግንቦት ላይ ውሉ መሰረዙ ተነገረው።

የጎደሉት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በስሙ የዞረ ሊብሬ ነው። ኤንፒአሩን የገዛው አዲስ አበባ ስለሆነ ፋይሉ ወደ ኦሮሚያ እስኪዛወር ሊብሬው በሻጩ ስም ነበር፤ አጎቴ የሽያጭ ውልና ውክልና ይዞ ነው የሚያሠራው። ሁለተኛው የዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው ወረቀት ቅጂ ነው። ምርመራው ተደርጓል፣ ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቅጂው ግን የኩባንያው ፋይል ውስጥ አልገባም። የዓመቱ አረቦን ተከፍሏል፣ ደረሰኙ አለ። ሹፌሩ ለመኪናው የሚሆን መንጃ ፈቃድ አለው። በአጭሩ አጎቴ አልዋሸም፤ ወረቀት ነው የጎደለው።

ደብዳቤውን ሲያሳየኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አረቦኑን ሲቀበሉኝ እኮ ወረቀቱ ያኔም አልነበረኝም። ያኔ ያልጎደለባቸው አሁን እንዴት ጎደለባቸው?» መልስ አልነበረኝም። ምህንድስና ጨርሼ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ስለ ኢንሹራንስ የማውቀው መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ብቻ ነበር። መልሱን ስፈልግ ከሕግ ወደ ታሪክ ገባሁ፤ ታሪኩ ደግሞ ካሰብኩት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

*

ወለጋ ወረቀት የማያውቅ አገር አይደለም። ነቀምቴ የሄደ ሰው የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ አይመለስም። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ በ1870ዎቹ ለምኒልክ ከገቡ በኋላ፣ ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለው አገሩን ይዘው ቆዩ። ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር የሚያገናኛቸው ግብር ብቻ ሳይሆን ደብዳቤም ነበር። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እና ተሰማ ታአ የተባሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ያሉ የወለጋ ሰነዶችን ሰብስበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል አሳትመዋል። የለቃ ሰዎች ግዛታቸውን በጦር ብቻ ሳይሆን በወረቀትም እንደጠበቁ ከዚያ ይታያል። የተጻፈ ነገር ያለው ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚከራከርበት ነገር አለው።

ይህ ግን የቤተ መንግሥቱ ጉዳይ ነው። ገበያው ላይ ሰነዱ ሰው ነበር። ብድር የሚሰጠው፣ በቅሎ የሚከራየው፣ ዕቃ በአደራ የሚላከው በዋስ ነው። ዋስ ማለት ደግሞ የሚናገር ወረቀት ማለት ነው፤ ጥያቄ ካለህ እሱን ትጠይቃለህ፣ ነገር ከተበላሸ እሱን ትይዛለህ። ሰው ቢሞት ደግሞ ጉማ አለ። ጉማ ብዙዎቻችን የምናውቀው በ«ደም መመለስ» ትርጉሙ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በኦሮሞ ባህል ጉማ የካሳና የዕርቅ ሥርዓትም ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ምስክር ይሰማል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሥርዓት ይፈጸማል።

እኔን የገረመኝ ካሳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። አጥፊው ብቻውን አይደለም፤ ጎሳው ያዋጣል። ዛሬ አንተ የአጎትህን ልጅ ጥፋት ታዋጣለህ፣ ነገ እሱ ያንተን ያዋጣል። አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመውን ጉዳት ብዙ ሰው ተከፋፍሎ ይሸከመዋል። ኢንሹራንስም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ልዩነቱ አባልነትህን የምታረጋግጥበት መንገድ ነው፤ እዚያ በዘር ሐረግና በምስክር፣ እዚህ በወረቀት።

ጉማን ማሞካሸት አልፈልግም። ጎሳው የሚያዋጣው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ እንግዳ ሰው፣ አቅም የሌለው ቤተሰብ፣ ሴት ልጅ በዚያ ሸንጎ እኩል ድምፅ ነበራቸው ማለት ይከብዳል። እድርም ቢሆን ቀብርህን ያስፈጽማል እንጂ የተገለበጠ መኪናህን አያነሳም። ለዚያ ከመንደር ሰፋ ያለ ኪስ ያስፈልጋል። ኪሱ ሲሰፋ ደግሞ የሚያዋጡት ሰዎች አይተዋወቁም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ደግሞ ወረቀት ይፈልጋሉ።

*

የማይተዋወቁ ሰዎች ኢንሹራንስ ስመ ጥር የሆነው ቡና ቤት ውስጥ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው፤ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ እየተገናኙ የጉዞን አደጋ ይከፋፈሉ ነበር። የዛሬው የሎይድስ ገበያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የቡና አገር ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።

በእነዚያ ጊዜያት አንድ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ። መድን ሰጪው ለንደን ተቀምጦ ሩቅ አገር ያለን ንብረት ሲያስጠብቅ ዕቃውን አያየውም፤ ባለቤቱ የሚነግረውን ነው የሚያምነው። ታዲያ ባለቤቱ ያልነገረው ነገር ቢኖርስ? በ1766 እ.ኤ.አ. ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት እንግሊዛዊ ዳኛ የወሰኑት የካርተር እና የቦም ክርክር በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ካርተር ሱማትራ ደሴት ላይ የነበረ የአንድ ምሽግ ገዥ ነው፤ ምሽጉ በጠላት ቢያዝ ካሳ እንዲከፈለው ውል ገባ። ፈረንሳዮች ያዙት። መድን ሰጪው «ምሽጉ ደካማ መሆኑን ደብቀኸኛል» ብሎ አልከፍልም አለ።

ይህ ፍርድ በየመድን መጽሐፉ የሚጠቀሰው ውል ገቢው ሁሉን ነገር በቅንነት መናገር እንዳለበት የደነገገ እየተባለ ነው። እውነት ነው፣ ደንግጓል። ብዙ ሰው የማያወራው ግን ማን እንዳሸነፈ ነው። ያሸነፈው ምሽግ ገዥው ነው። ዳኛው ቅንነት የሁለቱም ወገን ግዴታ ነው አሉ፤ መድን ሰጪው ማወቅ የሚችለውን ነገር ሳይጠይቅ አረቦኑን ተቀብሎ፣ አደጋ ሲደርስ ግን «አልነገርከኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የአጎቴ ጥያቄ ለንደን ላይ ከተጠየቀ 250 ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

*

ኢንሹራንስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከባንክ ጋር ነው። በምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን የወለጋ ቡና ከደምቢዶሎ በበቅሎ ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ውኃው ሲሞላ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በበቅሎው መንገድ ላይ የሚጠፋው የነጋዴው ነው፤ ከወደቡ ወዲያ ያለው ግን ኢንሹራንስ ይኖረው ይሆናል። በቅሎዋን ማንም አያስመዘግባትም።

መኪናም ብዙ ሳይቆይ መጣ። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን መኪና ለምኒልክ አዲስ አበባ አስገባ። ወለጋ ግን መኪና በወጉ ለማየት መንገድ መጠበቅ ነበረባት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ተጠረገ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ መንገዱም እየተሻሻለ ሄደ። ከዚያ በኋላ የዴዴሳን ቁልቁለት እያቃሰተ የሚወርደውና የሚወጣው ኤንትሬ ሆነ። የነቀምቴ አረጋውያን ዛሬም የኤንትሬ ሹፌር ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ አክብሮት አለ።

የመጀመሪያው የአገር ውስጥ መድን ሰጪ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ የተቋቋመውም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሕጉ የመጣው ግን በ1952 ዓ.ም. ከንግድ ሕጉ ጋር ነው። ረቂቁን የጀመሩት ዣን ኤስካራ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ እንኳ የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም። ስለዚህ ነቀምቴ ውስጥ ዛሬ ጠዋት የተፈረመ የመኪና ኢንሹራንስ የሚዳኘው በኤንትሬ ዘመን በተጻፈው ሕግ ነው።

የሕጉን ቁጥር 667 እና 668 ያነበብኩት አንድ የነቀምቴ ጠበቃ ለአጎቴ ካብራሩለት በኋላ ነው። ቁጥር 667 ውል የሚገባው ሰው አደጋውን ለመገመት የሚያስፈልገውን የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ ካልተናገረ ምን እንደሚሆን ይነግረናል። እዚህ ላይ ሕጉ ሰውን ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ ነው፤ የተደበቀው ነገር መድን ሰጪውን ውል እንዳይገባ ወይም የበለጠ እንዲያስከፍል የሚያደርገው ከነበረ ውሉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ሳያስብ፣ ሳያውቅ ያጎደለ ነው። የዚህኛው ውል አይፈርስም። መድን ሰጪው ነገሩን ሲደርስበት አረቦኑን ሊጨምር ወይም ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ግን ካሳው በመጠኑ ይቀነሳል እንጂ ባዶ አይሆንም።

ሕጉ አረቦን ያልከፈለውን ሰው እንኳ በአንድ ቀን አያባርረውም። በቁጥር 666 መሠረት መድን ሰጪው መጀመሪያ ይጠይቀዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈለ ውሉ እንደማይጸና ያስታውቀዋል። «ያስታውቀዋል» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ጠበቃው ያሰመሩባት እሷን ነው።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የፋይል ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮቹንና 13ቱን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወረሰ። በዓመቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቸኛው መድን ሰጪ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ኩባንያዎች በር ከፈተ፤ አዋሽን የመሰሉት ወዲያው ተቋቋሙ፣ ቆይተው የተመሠረቱትም ኦሮሚያ ኢንሹራንስን ጨምሮ እየበረከቱ ሄዱ። ኩባንያው ከአንድ ወደ ብዙ ቢለወጥም አንድ ነገር አልተለወጠም። ቅርንጫፉ ነቀምቴ ይሁን ደምቢዶሎ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ቅርንጫፉ አረቦን ይቀበላል፤ ከፍ ያለ ካሳ ግን የሚወሰነው 330 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ወረቀቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ «ይህ ይጎድላል» ተብሎ እንደገና ይሄዳል።

በ2000 ዓ.ም. ሌላ ሕግ መጣ፤ የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይህ ሕግ ኢንሹራንስን ምርጫ ከመሆን አውጥቶ ግዴታ አደረገው። መስታወት ላይ የምትለጠፈው ወረቀት የመጣችው በእሱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ዛሬ ስናየው የሚያሳፍር ገንዘብ ነው። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ እንዲካስ ይፈቅዳል። መንገድ ዳር የተገጨችን እናት ማንም «የመኪናው ሰነድ ተሟልቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቃትም። ሕጉ የሌላ ሰው ወረቀት መጉደል እሷን እንዳይጎዳት ፈንድ አቋቁሞላታል።

እንግዲህ ይህን ያህል ርቀን መጥተናል። ለተገጨው ሰው የወረቀት መጉደልን አደጋ አገር በሙሉ እንዲሸከም አድርገናል። ለመኪናው ባለቤት ግን ያንኑ አደጋ ብቻውን እንዲሸከም ትተነዋል።

*

አሁን ወደ 2012 ዓ.ም. ልመለስ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ መንግሥት ከታጣቂዎች ጋር በሚዋጋበት ጊዜ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ መደወልና የጽሑፍ መልእክት በትላልቅ ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ነቀምቴ ያለ ሰው አዲስ አበባ ይደውላል፤ ጊምቢ ያለ ሰው ግን ነቀምቴ እንኳ አይደውልም። እኔ በዚያ ሰሞን የቤተሰቡን ደኅንነት የምሰማው ከጊምቢ በመጣ መንገደኛ በኩል ነበር። ስልኩ በተከፈተ በሳምንቱ ደግሞ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የመንገዱ ነገር እንደገና ሌላ ሆነ።

ኩባንያው ማስጠንቀቂያውን የላከው በጥር 12 ቀን ነው፤ በጽሑፍ መልእክትና በኢሜይል። ጊምቢ ወዳለ ስልክ። ከ30 ቀን በኋላ ውሉ ተሰረዘ። የስረዛው ደብዳቤ ደግሞ በወረቀት ታትሞ እስኪደርስ ግንቦት ሆነ። ነቀምቴ ያለው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አጎቴ ሲሄድ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አዘው፣ አዝነው ነው ያስተናገዱት። «ኦቦ፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ሲስተሙ ነው የሰረዘው» አሉት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲነግረኝ ውስጤን ያዘኝ። ምክንያቱም በዚያ ዓመት የምሠራበት ድርጅት ለሌላ መድን ሰጪ ሲስተም እየሠራ ነበር፤ ውሎችን የሚያስተዳድረውን ክፍል ከጻፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የተሰጠን መመሪያ አንድ መስመር ናት፦ ሰነድ ካልተሟላና ማስጠንቀቂያ ከተላከ 30 ቀን ካለፈ፣ ውሉ ይሰረዝ። እኔም ጻፍኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ፈተሽኩት፣ ሠራ፣ ደስ አለኝ። በእኔ ኮድ ውስጥ «ሰነድ» የሚባለው ነገር ሁለት ዋጋ ብቻ ነው ያለው፤ ተሟልቷል ወይም አልተሟላም። «ማስጠንቀቂያ» ደግሞ ተልኳል ወይም አልተላከም። ደርሷል የሚል ቦታ የለውም። የአጎቴን ውል የሰረዘው የእኔ ኮድ አይደለም። ግን እኔ የጻፍኩትም ቢሆን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይሰርዘው ነበር።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኤስካራና ዦፍሬ በ1952ቱ ሕግ ላይ የደበቀውንና ያጎደለውን ሰው ለመለየት አንቀጽ ጽፈዋል። እኔ በኮምፒውተር ዘመን ሁለቱን አንድ አድርጌ አንድ ቃል ሰጠኋቸው፤ «አልተሟላም»። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣው ሹፌርና ፋይሉ ከአዲስ አበባ እስኪዛወር የሚጠብቀው የጊምቢ ነጋዴ እኔ ዘንድ አንድ ናቸው። ሕጉን አልሻርኩትም፤ አላነበብኩትም ብቻ።

*

ስለ ሌላው ወገን ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። መድን ሰጪዎች ወረቀት የሚጠይቁት ለጨዋታ አይደለም። አንድ መኪና በሁለት ስም ዋስትና ይገባለታል፤ ያልነበረ አደጋ ይፈጠራል፤ ምርመራ ያላለፈ መኪና ፍሬን ሳይኖረው ቁልቁለት ይወርዳል። ለአጭበርባሪው የሚከፈለው ገንዘብ ከቅኑ ሰው አረቦን ላይ ነው የሚወጣው። ሊብሬ የሚጠየቀው የማን ንብረት እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ ቦሎ የሚጠየቀው መኪናው መንገድ ላይ መውጣት እንዳለበት ለማወቅ ነው። በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው ጊዜው ላይ ነው። ወረቀቱ ያን ያህል ወሳኝ ከሆነ አረቦን ከመቀበል በፊት ይጠየቅ። ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ መጉደሉን የሚያስታውሱት በክፍያ ቀን መሆን የለበትም። ብዙ የመኪና ባለቤቶች የነገሩኝ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስትና አራት ዓመት ውሉ በዚያው ፋይል ሲታደስ ማንም ምንም አይልም፣ የካሳ ጥያቄ ሲገባ ግን ፋይሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነበባል።

የዴዴሳው አደጋ ላይ ማንም አልሞተም። የሹፌሩ ክንድ ተሰበረ፣ መኪናው ሲንሸራተት የአንድ ገበሬን አጥርና የጭቃ ቤት ግድግዳ ናደ። የግድግዳው ጉዳይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ያየ ሰው ተናገረ፣ አጎቴ ካሳውን ከፈለ፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ማንም ሊብሬ አልጠየቀም። የመኪናው ጉዳይ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ጠበቃው ቁጥር 668ን ጠቅሰው ጻፉ፣ ማስጠንቀቂያው ስልክ በተዘጋበት ጊዜ መላኩን አሳዩ፣ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም አጎቴን አስጠነቀቁት። ይህን ባይነግሩት ኖሮ «እስቲ ትንሽ ልታገሥ» እያለ ጊዜው ያልፍበት ነበር። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ተስማሙ፤ ከጠየቀው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ተከፈለው። በመሀል ግን መኪናው ቆሞ፣ የባንክ ብድሩ ወለድ እየቆጠረ፣ ሁለት የቡና ወቅት አለፈው።

ይህን የምታነቡ መኪና ወይም ባጃጅ ያላችሁ፣ ወይም ያለው ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ከአጎቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሰነድ ለቅርንጫፍ ስታስገቡ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። የጎደለ ነገር ካለ ውሉን ስትፈርሙ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ያሳወቀ ሰው ደበቀ አይባልም። ውሉ ተሰረዘ ከተባላችሁ ማስጠንቀቂያው መቼ፣ በምን፣ ወዴት እንደተላከ በጽሑፍ ጠይቁ። ኩባንያው አልሰማም ካለ ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ቅሬታ ይቀበላል። ሁለት ዓመቷን ደግሞ አትርሷት።

እኔም የበኩሌን ለማድረግ ሞከርኩ። ሲስተሙ ሲሻሻል ሦስት ለውጥ ሐሳብ አቀረብኩ። አንደኛ፣ «አልተሟላም» የሚለው ለሁለት ይከፈል፤ የጎደለና ሐሰት የሆነ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ስረዛ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው ሳያጸድቀው አይፈጸም። ሦስተኛ፣ የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከተላከበት ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ይሁን።

ሁለቱን ተቀበሉኝ። ሦስተኛውን «ሥራ ያበዛል፣ በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» አሉኝ። የሚቀጥለው ዙር መጥቶ አልፏል፤ ሐሳቡን እንደገና ልኬያለሁ። ሲስተሙ እስከ ዛሬ «ተልኳል» ነው የሚያውቀው።